ምሰሶው የት ሄደ?

ወዳጆቼ፣ ጎጆ ቤት ሲሠራ አይታችኋል። በደቡብ ጎንደር፣ በይፋግ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ካላየ ማን ያያል! መሐሉ ላይ ጉድጓድ ይቆፈርና አንድ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ እንጨት ይተከላል። ምሰሶ ነው። ዙሪያውን ግድግዳው ይቆማል። ከዚያ ወራጆቹ ይመጣሉ፤ እግራቸው ግድግዳው ራስ ላይ፣ ጫፋቸው ምሰሶው አናት ላይ ያርፋል። ማገር ዙሪያውን እየዞረ አንዱን ወራጅ ከሌላው ጋር ያስራል። በላዩ ሣር ይከደናል፣ አለቀ። ምሰሶውን ከመሐል ንቀሉት ብላችሁ አስቡ። ጣሪያው ተከትሏችሁ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ ጥንታዊ ክብ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ቅርጹ ያው ጎጆ ነው፤ ክብ ግድግዳ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ጣሪያ፣ ከአናቱ ጉልላት። ልዩነቱ ስፋቱ ነው፤ ስንት ጎጆ ቤት ይውጣል! ጣሪያው በዚያው ልክ ከባድ ነው። እንግዲህ ምሰሶውን ፈልጉ። ከመሐል የለም። ደግሞም ሊኖር አይችልም፤ መሐሉ መንበረ ታቦቱ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ግንድ ተክሎ የሚቀድስ ቄስ የለም። ታዲያ ያን ሁሉ ክብደት አናቱ ላይ የያዘው ማነው?

መልሱ ሲገለጥልኝ ከመቀመጫዬ ነው የተነሣሁት! ግን በቀጥታ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ቆራጣ እንሂድ፤ ቤቱ ለማን እንደሚሠራ ሳናውቅ ቤቱ አይገባንምና።

ከይፋግ ወደ ደቡብ ውረዱ። ርብን ተሻገሩ፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ እለፉ፣ ጉማራንም ተሻገሩ፣ ጣናን በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ደራ ግቡ። በሐይቁ ዳር ቆራጣን ታገኛላችሁ። በአንድ ወቅት የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። የተከበረችው ግን በአንዲት ሴት ነው፤ በወለተ ጴጥሮስ።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ትልቅ ቤተሰብ ነው። የተዳረችው የአፄ ሱስንዮስ ታላቅ ሹም ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ነው። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በዚያ ላይ ዘመኑ ክፉ ነበር። ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ተወዳጅተው ሃይማኖታቸውን ወደ ካቶሊክ እየለወጡ ነው፤ ሕዝቡም ይከተላቸው ዘንድ ይፈልጋሉ። በ1617 የተዋሕዶው ጳጳስ አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ተገደሉ። የወለተ ጴጥሮስ ባል የንጉሡ ወገን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቷ፣ ክብሯ፣ እንጀራዋ ያለው በአንድ በኩል ነው፤ እምነቷ በሌላ በኩል።

ሄደች! የጣና መነኮሳት ረድተዋት ከባሏ ቤት ወጣች፣ ራሷን ተላጭታ ቆብ ደፋች። ከሌላ መነኩሲት፣ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተገናኘች፤ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያዩም። በአደባባይ ንጉሡን እየተቃወመች ሰበከች፣ ተያዘች፣ ለፍርድ ቀረበች፣ ወደ ምዕራብ ቆላ ወደ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ኖረች። እናም የሚደንቀኝ ይሄ ነው፤ በግዞት ላይ ሳለች ሰው ይፈልጋት ጀመር። ወንዱም ሴቱም እየተከተላት መጥቶ ዠበይ ላይ የመጀመሪያው ማኅበሯ ቆመ። ከግዞት ስትመለስ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እየጨመረች በዕድሜዋ ሰባት ማኅበር መሠረተች። አብዛኞቹ በጣና ዙሪያ ናቸው። በ1632 ሱስንዮስ የተዋሕዶን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እርሷ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ኖራ በ1642 አረፈች፤ የተቀበረችውም ጣና ላይ ባለችው በሬማ ደሴት ነው። በዓሏ ኅዳር 17 ይከበራል። ከሞተች በኋላ ፋሲል ለማኅበሯ ቆራጣ ላይ መሬት ሰጡ፤ ገዳሙም እዚያ ተተከለ። ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ያወቋትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን ጻፈ። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረችን አንዲት ሴት ኑሮ፣ ጭቅጭቋንና ሕመሟን ሳይቀር፣ ለማንበብ የቻልነው በእርሱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ማኅበሩን የመሠረተችው ሴት፤ የምትመራው ሴት፤ ከእርሷ በኋላም እመምኔት ሆና የተተካችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ታዲያ ለምን ወንዶችም አብረው ነበሩ? መልሱ ሥርዓተ ቅዳሴው ውስጥ ነው ያለው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። እነርሱ ደግሞ ወንዶች ናቸው። መቅደስ የሚገቡትም እነርሱ ብቻ ናቸው፤ እመምኔቷም ብትሆን ከመጋረጃው ወዲህ ትቆማለች። ስለዚህ የሴቶች ገዳም በኛ አገር ሙሉ ለሙሉ የሴቶች ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አጠገቡ ካህናት ሊኖሩ ግድ ነው። ይህን ከያዛችሁ የሌሎቹ ሁለት የጣና ደሴቶች ነገርም ቀላል ይሆንላችኋል። ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ እጅግ ቅርቡ ያለው እንጦንስ ኢየሱስ ደግሞ የሴቶች ገዳም ሆኖ ኖሯል። በመካከላቸው ያለው ትንሽ ውሃ ነው።

ይህ ሁሉ ከግንባታው ጋር ምን አገናኘው? ብዙ! ወንድና ሴት፣ ካህንና ምእመን፣ የሚቆርብና የማይቆርብ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ሁሉም የየራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ማንም ከማንም ጋር ሳይጋፋ። የቤቱ ሥራ ይህን ነው የሚፈታው።

በፊልም የምናያቸው የአውሮፓ ገዳማት አንድ ትልቅ ሕንፃ ናቸው፤ አራት ማዕዘን ግቢ፣ ዙሪያውን ረጅም መተላለፊያ፣ በመተላለፊያው ላይ የተደረደሩ ክፍሎች። የኛን ገዳም በዚያ ዓይን የፈለገ ሰው ገዳሙ መሐል ቆሞ ገዳሙን ያጣዋል። የኛው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚጠብ ክብ ነው። የእማሆዮች ጎጆዎች ተራርቀው ተበትነዋል፤ እያንዳንዷ የራሷ ትንሽ ቤት አላት፤ የራሷ ጸሎት፣ የራሷ ጸጥታ። ቀጥሎ ጥዱና ወይራው ይመጣል። ደቡብ ጎንደርን ከከፍታ ላይ ሆናችሁ ካያችሁ በታረሰው መሬት መሐል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያችኋል፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ያለው የጣራ ገዳም ደን ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ሰፊ ከሚባሉት ነው። ከዛፉ በኋላ ቅጥሩ፣ ከቅጥሩ በር ደጀ ሰላሙ። ከዚያ ባዶው ሜዳ፣ ዓውደ ምሕረቱ። እናም ከሁሉ መሐል ክቡ ቤት።

ክቡ ቤት ውስጥም ያው ወደ ውስጥ መጥበብ ይቀጥላል። የውጭውን በር አልፋችሁ የምትገቡበት የመጀመሪያው ቀለበት ቅኔ ማኅሌት ነው። መሪጌቶች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮው እየተመታ የሚያሸበሽቡት እዚህ ነው። ሁለተኛው ቀለበት ቅድስት ነው፤ የሚቆርቡ ሰዎች ይቆሙበታል፤ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ። ከዚያ መሐል ላይ መቅደሱ።

አሁን ቆም በሉ። መቅደሱ ክብ አይደለም! አራት ማዕዘን ነው። በክብ ውስጥ ክብ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ አራት ማዕዘን ክፍል። ለምን? በሦስት የተከፈለው ሥርዓት ሊቃውንቱ ከኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ጋር የሚያያይዙት ነው፤ የቀደሙት የኛ አብያተ ክርስቲያናትም ረዘም ያሉ አራት ማዕዘን ነበሩ። በነዚያ ሦስቱ ክፍሎች በቀጥታ መስመር ላይ ናቸው፤ ከምዕራብ ቅኔ ማኅሌት፣ መሐል ቅድስት፣ ከምሥራቅ መቅደስ። ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ክቡ ቅርጽ በአገሩ ሲስፋፋ መቅደሱ እንዳለ ቀረ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ዞረው ከበቡት። ቀጥ ያለው መስመር ቀለበት ሆነ! ሥርዓቱ አልተነካም፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። ታቦት በወጣ ጊዜ ቤቱን ሦስት ጊዜ የሚዞረው ሕዝብ ደግሞ በምንም ማዕዘን ሳይደናቀፍ ይዞራል።

ደረስን። ምሰሶው።

ቅድስቱ ውስጥ ቆማችሁ የመቅደሱን ግድግዳ በዓይናችሁ ተከተሉት። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ጭልም እስከሚለው ድረስ። ግድግዳው ጭንቅላታችሁ ላይ አያቆምም። ከቅድስቱ ከፍታ አልፎ ይወጣል፤ በአራቱ ግድግዳ ላይም ከጣሪያው ሥር የተደበቀ ክብ አንገት ይቀመጣል፤ ወራጆቹ ጫፋቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ላይ ነው። ጉልላቱም በዚያው ቀጥታ ከላይ ይቆማል።

ገባችሁ? ምሰሶው ጠፍቶ አይደለም። መቅደሱ ራሱ ነው ምሰሶው! ጎጆው ውስጥ አንድ ግንድ የነበረው፣ እዚህ አራት ግድግዳ ያለው ክፍል ሆነ። መሐሉ ለመንበሩ እንዲለቀቅ ምሰሶውን አወፈሩት፣ አወፈሩት፣ በመጨረሻ ውስጡን ክፍት አድርገው ታቦቱን አስገቡበት። ቤቱን ሁሉ ተሸክሞ የሚያቆመው ቅዱሱ ክፍል ነው፤ ይህን ስል ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም፤ ድንጋዩና እንጨቱ በእውነት እንደዚያ ነው የተሠራው። እኔ ይህ በገባኝ ጊዜ ከዚህ ቀደም የገባሁባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሐሳቤ እየዞርኩ እንደገና አየኋቸው።

ከዚህ በኋላ ቀሪው በራሱ ይፈታል። ያን ያህል ሰፊ ጣሪያ ለመሥራት ከዳር እስከ አናት የሚደርስ ወራጅ ከየት ይመጣል? አያስፈልግም። በመሐል የቅድስቱ ክብ ግድግዳ አለ፤ ወራጁ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ከእርሱ ይቀጥላል። ሦስቱ ግድግዳዎች ለጸሎቱ ሥርዓት ብቻ የተሠሩ መስለውን ነበር፤ ለካ ጣሪያውንም በሦስት ቦታ ይደግፉታል። ለካህናቱ የሚሠራው ግድግዳ ለአናጢውም ይሠራል!

አንድ ነገር ይቀራል። ዘንበል ያለ ወራጅ ክብደት ሲጫነው እግሩ ወደ ውጭ ሊንሸራተት ይፈልጋል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይገፋል። ይህን የሚይዘው ማገሩ ነው። የመሶብ ክዳን ሲሰፋ ያያችሁት ነገር ነው፤ ውስጡ አንድም አጥንት የለውም፣ በአክርማ የተጠቀለለው ስንደዶ ብቻ እየዞረ እየዞረ እያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ያለውን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ክዳኑም ሾጥጦ ይቆማል። ማገሩም ወራጆቹን እንደዚያው ዙሪያውን ይዟቸው እግራቸው እንዳይከፈት ያደርጋል። ክቡ ሙሉ እስከሆነ ድረስ የሚገፋው ኃይል ራሱን በራሱ ያስራል። ማዕዘን ያለው ቤት ይህን አያገኝም፤ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል።

አናቱ ላይ ጉልላቱ ይቀመጣል፤ በብዙ ቦታ ሰባት የሰጎን እንቁላል ተሰክቶበት። ዛሬ ሣሩ በቆርቆሮ የተተካባቸው ብዙ ናቸው። የሣሩ ክዳን ውፍረት ሙቀቱንም ብርዱንም የዝናቡንም ድምፅ ይውጠው ነበር፤ ቆርቆሮ ሥር ግን ክረምት ላይ ቅዳሴው ከዝናቡ ጋር ይታገላል። የሚያስቆጭ ነገር ነው፣ ሣሩን በየጊዜው ማደስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ብረዳም።

ሥዕሉን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጣና ገዳማት በሥዕል የሚሸፈነው የመቅደሱ ግድግዳ የውጭ ፊቱ ነው፤ በቅድስቱ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው ፊት። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። አሁን ጠጋ በሉ። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ አይደለም! የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው በግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ከአገራችን ሸማ የተሠራ የግድግዳ ልብስ ማለት ነው። ጭቃና ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ጨርቅ ግን ትንሹን ስንጥቅ ይሸፍነዋል።

ጨርቅ በመሆኑ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ሊላጥ ይችላል። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሥዕሉ በቀጥታ በልስን ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ አይሄድም ነበር። ስለዚህ ነገር ሳስብ ይቆጨኛል፤ ያ ሥዕል የተሠራው ፓሪስ ላይ ለሚያልፍ ጎብኚ አይደለም፤ ቅድስቱ ውስጥ ቆማ ከመጋረጃው ማዶ ያለውን ማየት ለማትችለው እማሆይ ነው። እርሷ ቅዳሴውን በጆሮዋ ትሰማለች፤ ዓይኗ ደግሞ የሚያርፍበት ሥዕሉ ላይ ነው።

የመጨረሻው የምወደው ነው። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች። ሊቃውንቱ በደንብ ያውቋታል፤ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ከውጭ ያየ ሰው አንድ ተራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያየው፤ ከገጠሩ ሁሉ የማይለይ። ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 እዚያ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገጠመው! በክቡ ጣሪያ ሥር፣ ከሥር እስከ ላይ ሙሉ ሆኖ፣ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ በአክሱም ዘይቤ የተሠራ። አሮጌውን አላፈረሱትም። አዲሱ ቅርጽ ሲመጣ አሮጌውን እንደቆመ በክቡ አለበሱት።

እንግዲህ ከላይ የነገርኳችሁን አስታውሳችሁ ቤተልሔምን አስቧት። በሌላው ክብ ቤት ውስጥ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ብቻ ነው። ቤተልሔም ላይ ግን አራት ማዕዘኑ ውስጥ ሦስቱም ክፍሎች በቀጥታ መስመር ላይ አሉ፣ እንደ ጥንቱ፤ ክቡ ደግሞ ከውጭ። ሁለቱን ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ታያላችሁ። ሊቃውንቱ ድጓቸውን ሲያስመሰክሩ ኖረዋል፤ ለእነርሱ ይህ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። አዲስ የሆነው ለእንግዳው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ፣ በየትኛውም አጥቢያ ይሁን፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ቅድስቱ ድረስ ዝለቁ። ከመቅደሱ ግድግዳ ጥግ ላይ ቁሙና ቀና በሉ። አንገቱን ፈልጉ፤ አራት ማዕዘኑ ክብ የሚሆንበትን ቦታ። ያገኛችሁ ጊዜ ደውሉልኝ፤ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንዳያችሁትና በዚያ አንገት ላይ መስኮት እንዳለው እንደሌለው ልትነግሩኝ ይገባል፤ አንዳንዶቹ አላቸውና፣ ብርሃኑ ከዚያ ነው የሚወርደው!